ከባሕር ወለል ማዕድን ቢለቀም ማን ይጎዳል? እኛስ ድርሻ አለን?

የአንባቢ ጥያቄ፦ «የነዳጅ መኪና ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና ገዝቼ እየነዳሁ ነው። ባትሪ ኮባልትና ኒኬል እንደሚፈልግ፣ ኮባልቱም ኮንጎ ውስጥ በሕጻናት ጉልበት ጭምር እንደሚወጣ ሳነብ ሕሊናዬ ይረበሻል። በሌላ በኩል ፓስፊክ ውቅያኖስ ወለል ላይ፣ ማንም በማይኖርበት ቦታ፣ ተበትኖ የተቀመጠ ማዕድን አለ ይባላል። እሱን መልቀም አይሻልም? የባሕር በር የሌላት ኢትዮጵያስ ከዚህ ሀብት ድርሻ አላት ወይስ ተመልካች ብቻ ነን? ቀይ ባሕር ውስጥም አለ ሲሉ ሰምቻለሁ።»

ምላሽ፦

«ማንም በማይኖርበት» ከሚለው ልጀምር፤ ምክንያቱም ሌላው ግምትዎ ሁሉ የቆመው እሱ ላይ ነው። ሰው አይኖርበትም፣ እውነት ነው። ሕይወት ግን ሞልቶበታል።

የሚወራለት ቦታ ክላሪዮን ክሊፐርተን ቀጣና ይባላል። በሃዋይና በሜክሲኮ መካከል ይገኛል። ስፋቱ 4.5 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ የኢትዮጵያን አራት እጥፍ ይሆናል። ጥልቀቱ ከ4000 እስከ 5500 ሜትር ይደርሳል። ብርሃን የለም። ውሃው ለበረዶነት ትንሽ የቀረው ቀዝቃዛ ነው። ወለሉ ለስላሳ ጭቃ ሲሆን፣ በጭቃው ላይ ድንች የሚያካክሉ ጥቁር እንክብሎች ተበትነዋል። ከክብደታቸው ከሩብ በላይ የሚሆነው ማንጋኒዝ ነው። ኒኬሉና መዳቡ እያንዳንዳቸው ከ1 በመቶ ትንሽ ከፍ ይላሉ። ኮባልቱ 0.2 በመቶ ገደማ ነው። መቶኛው ትንሽ ቢመስልም አራቱን ብረቶች አንድ ላይ የያዘ ድንጋይ በየብስ ላይ በቀላሉ አይገኝም። ኩባንያዎቹን የሳባቸውም ይኸው ነው።

እንክብሎቹ አዲስ ግኝት አይደሉም። ቻሌንጀር የተባለችው የእንግሊዝ መርከብ ከ1872 እስከ 1876 ባደረገችው የጥናት ጉዞ አውጥታ አሳይታቸዋለች (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ይውሰዷቸው)። አፈጣጠራቸው ያስደንቃል። የሻርክ ጥርስ ወይም የዛጎል ስባሪ ወለሉ ላይ ይወድቃል። ከውሃውና ከጭቃው የሚመጣ ብረት ቀስ እያለ ዙሪያውን ይለጠፍበታል። በሚሊዮን ዓመት የሚያድገው በአብዛኛው ጥቂት ሚሊ ሜትር ነው። ስለዚህ ዛሬ አንዱን ቢያነሱ፣ በቦታው ሌላ እስኪተካ ድረስ የሚጠብቅ ትውልድ የለም። ይህን ነጥብ ያዙልኝ።

አሁን ወደ ሕይወቱ። በ2023 የወጣ አንድ ጥናት እስከዚያ ድረስ ከቀጣናው የተሰበሰበውን መረጃ ሁሉ አንድ ላይ አየው። ከ5500 በላይ የእንስሳት ዝርያዎች ተገኙበት። ከእነዚህ ውስጥ 90 በመቶ ያህሉ በሳይንስ ስም እንኳ ያልወጣላቸው ናቸው። ደግመው ያንብቡት፦ ከአሥሩ ዘጠኙ ስም የላቸውም። ትሎች አሉ። የባሕር ኪያር የሚባሉ፣ ጭቃውን እየዋጡ የሚያጣሩ ለስላሳ እንስሳት አሉ። ስፖንጅና ኮራል የሚባሉ፣ አንድ ቦታ ተጣብቀው የሚኖሩ እንስሳት፣ ከዓይን የሚያመልጡ ጥቃቅን ሸርጣን መሰል ፍጥረታትም አሉ። ብዛታቸው እንደ ጥልቀት ዝቅተኛ ባሕር አይደለም፤ ምግቡ ከላይ የሚንጠባጠብ ትርፍራፊ ስለሆነ አንዱ ከአንዱ ተራርቆ ነው የሚኖረው። ካሜራ ለጥቂት ደቂቃ አውርዶ «ባዶ ነው» የሚል ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ዓይነቱ ብዙ፣ ቁጥሩ ግን ስስ ነው። እንዲህ ያለ ሕይወት ደግሞ አንዴ ከተጠረገ ቶሎ አይተካም።

እንክብሉ ራሱ ቤት ነው። ሁሉም ነገር ጭቃ በሆነበት ሜዳ ላይ ጠንካራ መቆሚያ እሱ ብቻ ነው። ስፖንጁም ኮራሉም የሚጣበቀው እዚያ ላይ ነው። በ2016 ተመራማሪዎች ከፔሩ ባሻገር ባለው የፓስፊክ ክፍል ከ4000 ሜትር በታች ያዩትን ልንገርዎት። አንድ ኦክቶፐስ (ስምንት ክንድ ያለው የባሕር እንስሳ) እንቁላሎቹን የጣለው በሞተ ስፖንጅ ግንድ ላይ ነበር። ግንዱ ደግሞ የቆመው በማንጋኒዝ እንክብል ላይ ነው። በዚያ ብርድ እንቁላል ለመፈልፈል ዓመታት ሊወስድ ይችላል ተብሎ ይገመታል። እንክብሉ ሲነሳ ስፖንጁ ይሄዳል፤ ስፖንጁ ሲሄድ ኦክቶፐሱ የሚወልድበት ያጣል። ማዕድኑን ወስደን ሕይወቱን እንተወዋለን ማለት የማይቻለው ለዚህ ነው።

«መልቀም» ብለዋል። አንድ በአንድ የሚለቀም ከመሰለዎት አይደለም። ወለሉ ላይ የሚሄድ ትልቅ ማሽን አለ። ከላይ ያለውን ጥቂት ሴንቲ ሜትር ጭቃ ከእንክብሉ ጋር ይጠርጋል። አብዛኛው ሕይወት ያለውም በዚያች ስስ ሽፋን ውስጥ ነው። የተጠረገው ከ4 ኪሎ ሜትር በላይ በሚረዝም ቧንቧ ወደ መርከብ ይሳባል። መርከቡ ላይ እንክብሉ ይለያል፤ ደለል የተቀላቀለበት ውሃ ተመልሶ ባሕር ውስጥ ይለቀቃል። ስለዚህ የሚነሳው የደለል ደመና ሁለት ነው። አንዱ ታች ማሽኑ የሚያስነሳው፣ ሌላው ከመርከቡ የሚመለሰው። በተፈጥሮው እዚያ ወለል ላይ በሺህ ዓመት የሚከማቸው ደለል ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። እንስሳቱ የለመዱት እጅግ ንጹሕ ውሃ ነው። ከውሃው ምግብ እያጣሩ የሚበሉት በደለል ይታፈናሉ። አንድ ኩባንያ በሙሉ አቅሙ ሲሠራ ደግሞ በየዓመቱ በመቶዎች የሚቆጠር ካሬ ኪሎ ሜትር ይጠርጋል።

ጉዳቱ ግምት ብቻ አይደለም፤ ሙከራ ተደርጎበታል። በ1989 የጀርመን ሳይንቲስቶች በፔሩ ተፋሰስ ወለሉን በማረሻ መሰል መሣሪያ አረሱትና ምን እንደሚሆን መከታተል ጀመሩ። ከ26 ዓመት በኋላ ሲመለሱ የማረሻው መስመር እንደነበረ አለ። በመስመሩ ውስጥ የባክቴሪያዎቹ እንቅስቃሴ እንኳ በጣም ተቀንሷል። እነሱ ወደ ቀድሞ ሥራቸው ለመመለስ ቢያንስ 50 ዓመት ይፈልጋሉ ተብሎ ተገመተ። ክላሪዮን ክሊፐርተን ውስጥም በ1979 አንድ የሙከራ ማሽን ያለፈበት መንገድ አለ። ስለ እሱ የተሠራው ጥናት በ2025 ታተመ። ከ44 ዓመት በኋላም ዱካው ይታያል። ጥቃቅን እንስሳት መመለስ ጀምረዋል። በድንጋዩ ላይ ተጣብቀው የሚኖሩት ትልልቆቹ ግን አሁንም በጣም ጥቂት ናቸው። በ2022 ደግሞ ዘ ሜታልስ ካምፓኒ የተባለው የካናዳ ኩባንያ ዘመናዊ ማሽን ሞክሮ ከ3000 ቶን በላይ እንክብል ወደ መርከብ አወጣ። ማሽኑ ባለፈበት መስመር ውስጥ የእንስሳቱ ብዛት 37 በመቶ፣ የዝርያው ዓይነት 32 በመቶ ቀንሶ ተገኘ።

ሚዛኑ እንዳይጎድል አንድ ነገር ልጨምር። በዚያው የ2022 ሙከራ ደለሉ ብቻ በደረሰባቸው ቦታዎች የእንስሳቱ ቁጥር አልቀነሰም፤ የተለወጠው የትኛው ዝርያ ይበዛል የሚለው ነው። ስለዚህ ደለሉ ውቅያኖሱን ሁሉ ይገድላል የሚል ሰው ካጋጠመዎት አይመኑት። ሙከራው ግን አጭር ነበር። ለ20 እና 30 ዓመት ያለማቋረጥ ሲሠራ ምን እንደሚከተል ከእሱ ማወቅ አይቻልም።

ሌላ ጥንቃቄ። በ2024 «እንክብሎቹ በጨለማ ውስጥ ኦክስጅን ያመነጫሉ» የሚል ጥናት ወጥቶ ማኅበራዊ ሚዲያውን አጥለቅልቆት ነበር። ግኝቱን ሌሎች ሳይንቲስቶች አጥብቀው ተከራክረውበታል፤ ክርክሩ አልተዘጋም። የባሕር ወለሉን ለመጠበቅ የሚሟገት ሰው ክርክሩን በእሱ ላይ ባይገነባ እመክራለሁ። የዱካዎቹ ማስረጃ ብቻውን በቂ ነው።

ወደ ኮንጎ እንሂድ። ሕሊናዎ መረበሹ ተገቢ ነው፤ እንዳይረበሽ አልመክርዎትም። ስህተቱ ያለው «ከባሕር ከወጣ ከኮንጎ አይወጣም» ከሚለው ሐሳብ ነው። ዲሞክራቲክ ኮንጎ ከዓለም ኮባልት 70 በመቶ በላይ ታወጣለች። አብዛኛው ኮባልት የሚወጣው ለመዳብ ሲባል በሚቆፈር ጉድጓድ ውስጥ አብሮ ነው። መዳቡ እስከተፈለገ ድረስ ጉድጓዱ አይዘጋም። ገበያው ላይ ተጨማሪ ኮባልት ቢፈስ የሚሆነው የዋጋ መውደቅ ነው። ዋጋ ሲወድቅ መጀመሪያ የሚመታው በእጁ የሚቆፍረው ቤተሰብ ነው። ትልቁ ኩባንያ ይቋቋመዋል። ሕጻኑ ጉድጓድ ውስጥ የገባው ደግሞ በድህነት ነው፤ ገቢው ሲያንስ ድህነቱ ይብሳል እንጂ አይቀንስም። የኮንጎ መንግሥት ራሱ በየካቲት 2025 የኮባልት ወደ ውጭ መላክን ያቆመው ዋጋው ከመጠን በላይ ስለወረደ ነበር። የኮንጎን ሕጻናት የሚያድነው እዚያው ኮንጎ ውስጥ የሚደረግ ቁጥጥር፣ ትምህርት ቤትና ትክክለኛ ክፍያ ነው። የሕጻናቱን ስቃይ ለባሕር ማዕድን ማስታወቂያ ማድረግ ያስቆጣኛል። ብዙዎች ያደርጉታል።

ስለ መኪናዎ ደግሞ ምናልባት ደስ የሚል ነገር ልንገርዎት። አዲስ አበባ ውስጥ የሚነዱ ብዙ የቻይና የኤሌክትሪክ መኪኖች ባትሪ ኮባልትም ኒኬልም የለበትም። ሊቲየም፣ ብረትና ፎስፌት ነው ያለበት። ኤልኤፍፒ ይሉታል። ቢዋይዲ የተባለው የቻይና ኩባንያ መኪኖቹን የሚሠራው በዚህ ነው። ይህ ዓይነት ባትሪ በ2024 ከዓለም የኤሌክትሪክ መኪና ባትሪ ግማሽ ያህሉን ይዟል፤ ቻይና ውስጥማ ድርሻው ከዚያም በእጅጉ ይበልጣል። ርካሽ ነው፤ ዕድሜው ረጅም ነው፤ ሙቀትም በተሻለ ይችላል። ድክመቱ በተመሳሳይ ክብደት የሚይዘው ኃይል ማነሱ ነው። ኒኬልና ኮባልት ያለባቸው ባትሪዎችም እኛ አገር ይገባሉ፤ ስለዚህ የመኪናዎን ሰነድ አይተው ያረጋግጡ። ነጥቤ ይህ ነው፦ «የባሕሩ ወለል ካልተቆፈረ የኤሌክትሪክ መኪና አይኖርም» የሚለው ክርክር ከአሥር ዓመት በፊት ትንሽ ውሃ ያነሳ ነበር። ዛሬ አያነሳም።

አሁን ወደ ድርሻው። እዚህ ላይ ብዙ የሚባል ነገር አለ።

ባሕር ሁሉ የጋራ አይደለም። ከባሕር ዳርቻ እስከ 200 የባሕር ማይል ያለው የወለል ሀብት የዚያ አገር ነው። አህጉራዊ ወለሉ ከዚያ የሚዘልቅለት አገር የበለጠም ሊኖረው ይችላል። ከዚያ ወዲያ ያለው ወለል ግን የማንም አይደለም፤ የሁሉም ነው። ከውቅያኖስ ወለል ከግማሽ በላይ የሚሆነው እዚህ ውስጥ ይወድቃል። ክላሪዮን ክሊፐርተንም እንዲሁ። ሐሳቡን ለተባበሩት መንግሥታት ያቀረበው የማልታ አምባሳደር አርቪድ ፓርዶ ነበር፤ ጊዜው ኅዳር 1967። ጉልበት ያላቸው አገራት ወለሉን ተቀራምተው እንዳይጨርሱት የሰው ልጆች የጋራ ቅርስ ይሁን አለ። ይህ አባባል በ1982ቱ የባሕር ሕግ ስምምነት ውስጥ ሕግ ሆኖ ገባ። ስምምነቱ ሥራ ላይ የዋለው በ1994 ነው። የሚያስተዳድረውም ዓለም አቀፍ የባሕር ወለል ባለሥልጣን ተብሎ ተቋቋመ፤ መቀመጫው ጃማይካ፣ ኪንግስተን ነው።

ስምምነቱ ለእኛ ዓይነት አገር የሚለውን ልብ ይበሉ። በዚህ ወለል የሚሠራ ሥራ ለሰው ልጅ ሁሉ ጥቅም መሆን አለበት ይላል፤ አገሩ ባሕር ዳር ይሁን ወይም ወደብ አልባ ልዩነት አያደርግም። የታዳጊ አገራት ፍላጎት በተለይ ይታያል፤ ከእነሱም ውስጥ ወደብ አልባዎቹ ተለይተው ተጠቅሰዋል። የባሕር በር ማጣት ከዚህ መብት አያስወጣም። ቼክ ሪፐብሊክና ስሎቫኪያ ሁለቱም ወደብ አልባ ናቸው። ሆኖም ከሌሎች አገራት ጋር ሆነው ክላሪዮን ክሊፐርተን ውስጥ የፍለጋ ውል ላለው ድርጅት ዋስ (ድርጅቱን የሚደግፍና የሚቆጣጠር አገር) ሆነዋል። ዩጋንዳ፣ ዛምቢያና ቦትስዋና ደግሞ ባሕር ሳይኖራቸው ስምምነቱን አጽድቀው የባለሥልጣኑ አባል ናቸው።

ኢትዮጵያስ? በ1982 ስምምነቱ ለፊርማ በተከፈተ ቀን ፈረመች። ከዚያ በኋላ ግን ለአሥርት ዓመታት ሳታጸድቀው ቆየች። የባለሥልጣኑ አባል የሚኮነው በማጽደቅ ነው። ስለዚህ ኪንግስተን ላይ ደንብ ሲረቀቅ በሙሉ አባልነት የሚናገርና ድምፅ የሚሰጥ ኢትዮጵያዊ የለም። ስለ ባሕር በር ይህን ያህል በሚወራበት አገር ይህ ብዙም አለመነሳቱ በጣም ያሳዝነኛል። ወደቡ ሲገኝ ይደረስበታል የሚባል ነገር አይደለም። የወለሉ መብት ወደብ አይጠይቅም።

ድርሻ ሲባል ግን ገንዘብ ብቻ አያስቡ። ስሌቱ ቀላል ነው። እንበልና አንድ ኩባንያ ለባለሥልጣኑ በዓመት 50 ሚሊዮን ዶላር ሮያሊቲ፣ ማለትም ከሚያወጣው ማዕድን የሚታሰብ ክፍያ፣ ከፈለ። ምሳሌ ነው፤ የጸደቀ ተመን የለም። ይህ 170 ለሚያህሉ አባላት እኩል ቢካፈል ለአንድ አገር 300 ሺህ ዶላር እንኳ አይሞላም። ለታዳጊዎች ይድላ ቢባልም አገር የሚቀይር ገንዘብ አይሆንም። የአፍሪካ አገራት ቡድን በኪንግስተን ስብሰባዎች ላይ ደጋግሞ ያነሳው ቅሬታም ይኸው ነው፤ በታሰበው የክፍያ መንገድ ትርፉ የኩባንያ ይሆናል፣ ለሰው ልጅ የሚተርፈው ፍርፋሪ ነው። ሌላም ጉዳይ አለ። መዳብ፣ ኮባልትና ማንጋኒዝ ከየብስ የሚያወጡት ኮንጎ፣ ዛምቢያና ጋቦን ናቸው። የባሕሩ ማዕድን ዋጋ ካወረደ ከሳሪዎቹ አፍሪካውያን ይሆናሉ።

ከድርሻ ይልቅ ዕዳ የተረፈውም አለ። ፓፑዋ ኒው ጊኒ ናውቲለስ ሚኒራልስ በተባለ የካናዳ ኩባንያ የባሕር ወለል ፕሮጀክት ውስጥ ባለድርሻ ሆነች። ኩባንያው አንድ ቶን ለገበያ ሳያወጣ በ2019 ከሰረ። መንግሥት ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ አጣ። ድሃ አገር ነው፤ ገንዘቡ ለክሊኒክና ለትምህርት ቤት ይሆን ነበር። ዋስ መሆንም ቀላል አይደለም። የባሕር ሕግ ፍርድ ቤቱ በ2011 በሰጠው አስተያየት፣ ዋስ የሚሆን አገር ኩባንያውን በሕግ የመቆጣጠር ጥብቅ ግዴታ እንዳለበት፣ ያን ካላደረገና ጉዳት ከደረሰ ተጠያቂ እንደሚሆን አስቀምጧል። ታዳጊ ነኝ ማለት ከግዴታው አያስጥልም።

አሁን ያለው ውጥረት ከናውሩ ይጀምራል። ናውሩ ፓስፊክ ውስጥ ያለች 21 ካሬ ኪሎ ሜትር ደሴት ናት። ሕዝቧ 12 ሺህ ገደማ ነው። ፎስፌቷ ለአሥርት ዓመታት ተቆፍሮ መሃል መሬቷ ለእርሻም ለመኖሪያም የማይሆን ድንጋይ ሆኗል። ይህች አገር ለዘ ሜታልስ ካምፓኒ ቅርንጫፍ ዋስ ሆና በሰኔ 2021 አንድ አንቀጽ ጠቀሰች፤ ደንቡ በሁለት ዓመት ካልተጠናቀቀም ማመልከቻ እንዲታይ የሚያስችል ነው። ሁለቱ ዓመት በሐምሌ 2023 አለፈ። የማውጣት ደንቡ በ2025ቱ የሐምሌ ስብሰባም አልጸደቀም። እስካሁን የተሰጡት ወደ 30 የሚጠጉ ውሎች የፍለጋ ብቻ ናቸው። ናውሩን ለመውቀስ አልቸኩልም፤ የተቆፈረባት አገር ምን አማራጭ እንደቀረላት ሳስብ ልቤ ይከፈላል።

ከዚያ አሜሪካ መጣች። የባሕር ሕግ ስምምነቱን አላጸደቀችም። በሚያዝያ 2025 ፕሬዝዳንት ትራምፕ የባሕር ወለል ማዕድንን የሚያፋጥን ትእዛዝ ፈረሙ። ዘ ሜታልስ ካምፓኒ በቀናት ውስጥ በ1980 በወጣ የአሜሪካ ሕግ መሠረት ዓለም አቀፉን ወለል ለመቆፈር አመለከተ። ይህ ከኪንግስተን ውጭ የሚሄድ መንገድ ነው። ፓርዶ በ1967 የፈራው ነገር ይህ ነበር፤ አቅም ያለው ቀድሞ ይወስዳል፣ የቀረው በኋላ ይሰማል። አሜሪካ የምትኖሩ ወገኖች ይህ የእናንተም ጉዳይ ነው። የሕዝብ አስተያየት የሚሰበሰብበት ጊዜ ሲከፈት ዜጋ የሆነ ሰው ሐሳቡን መጻፍ ይችላል።

በሌላ ወገን ከ35 በላይ አገራት ሥራው ለጊዜው ይቁም ወይም ይታገድ ብለዋል። ፈረንሳይ ሙሉ በሙሉ እንዲከለከል ትፈልጋለች። ኖርዌይ በጥር 2024 የራሷን ባሕር ለዚህ ሥራ ከፍታ፣ በታኅሣሥ ፈቃድ መስጠቱን አቆመች። ቢኤምደብልዩ፣ ቮልቮ፣ ጉግልና ሳምሰንግ ኤስዲአይ ደግሞ ገና በ2021 ከባሕር ወለል የወጣ ማዕድን ለጊዜው እንደማይጠቀሙ አስታውቀዋል። ገዢ ይሆናሉ የተባሉት ራሳቸው ናቸው እምቢ ያሉት።

ቀይ ባሕርን ጠይቀዋል። አለ። በሱዳንና በሳዑዲ ዓረቢያ መካከል፣ 2000 ሜትር ገደማ ጥልቀት ላይ፣ አትላንቲስ ሁለት የሚባል ጎድጓዳ ቦታ አለ። ትኩስና እጅግ ጨዋማ ውሃ የተኛበት ነው፤ ጭቃው ዚንክ፣ መዳብ፣ ብርና ወርቅ ይዟል። የተገኘው በ1960ዎቹ ነው። ሁለቱ አገራት በ1974 በጋራ ለመጠቀም ተስማሙ፤ በ1979 የሙከራ ማውጣትም ተካሂዷል። ከዚያ ወዲህ ወደ እውነተኛ ምርት አልተሸጋገረም። አፈጣጠሩ ከእንክብሎቹ የተለየ ነው። መሬት እየተሰነጠቀች ትኩስ ውሃ ብረት እየያዘ ይወጣል። ያው ስንጥቅ ወደ ደቡብ ዘልቆ አፋር ውስጥ ወደ የብስ ይወጣል፤ ኤርታ አሌና ዳሎል የዚያ ቤተሰብ ናቸው። ባሕር ውስጥ ጠልቀው የሚያጠኑትን ሂደት እኛ በእግር ሄደን እናየዋለን።

ነገር ግን አይሳሳቱ። ቀይ ባሕር ጠባብ ነው። ሰፊ በሚባለው ቦታ እንኳ 355 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ግራና ቀኝ ያሉት አገራት የ200 ማይል መብት ሙሉውን ይሸፍነዋል። ዓለም አቀፍ ወለል የሚባል ነገር እዚያ የለም። ስለዚህ የጋራ ቅርስ የሚለው ሕግ ቀይ ባሕርን አይነካም፤ የማዕድኑ ባለቤቶች ዳርቻው ላይ ያሉት አገራት ብቻ ናቸው። «ቀይ ባሕር ወለል ላይ በጋራ ቅርስ ድርሻ አለን» የሚል ነገር ከሰሙ ሁለት የተለያዩ ሕጎች ተደባልቀዋል። በፓስፊክ ወለል ላይ ያለን መብት፣ በሚገርም ሁኔታ፣ ደጃችን ካለው ባሕር ወለል ይበልጣል።

እንግዲህ ምክሬ። የባሕሩን ወለል መቆፈር አሁን መጀመር የለበትም። እንክብሎቹ የትም አይሄዱም። ከአሥሩ ዘጠኙ ነዋሪ ስም ባልወጣለት ቦታ ላይ የአካባቢ ተጽዕኖ ጥናት ተጠናቋል ብሎ የሚፈርም ሰው የሚያውቀውን አይደለም የሚፈርመው። የባሕሩ ማዕድን ለኮንጎ መፍትሔ ነው በሚል ድጋፍ እንዳይሰጡ እለምንዎታለሁ። ለራስዎ የሚቀጥለውን መኪና ሲገዙ ኤልኤፍፒ ባትሪ ይምረጡ፤ ሻጩን በጽሑፍ ይጠይቁት። ያረጀ ባትሪ ደግሞ ከቆሻሻ ጋር አይጣል። የመኪናው ዕድሜ ሲያበቃ ባትሪውን የሚረከብ አካል እንዲኖር ከአሁኑ መጠየቅ ያለብን እኛ ነን፤ ምክንያቱም በአንድ ጊዜ ብዙ መኪና አስገብተናል፣ በአንድ ጊዜም ያረጃል።

ለአገር ደግሞ፣ ኢትዮጵያ የባሕር ሕግ ስምምነቱን ታጽድቅ። ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የሚቀርብ አንድ አዋጅ ነው የሚፈልገው። ከጸደቀ በኋላ ኪንግስተን ላይ የአፍሪካን ቡድን ተቀላቅላ ሦስት ነገር ትጠይቅ፦ ሳይንሱ እስኪሟላ ሥራው ይቁም፤ የክፍያው ቀመር ከየብስ የሚያወጡ አፍሪካውያንን ይካስ፤ ከኪንግስተን ውጭ የተቆፈረ ማዕድን በሕጋዊነት አይታወቅ። ማጽደቅ ሌላ ጥቅምም አለው። የፍለጋ ውል ያላቸው ድርጅቶች ለታዳጊ አገራት ባለሙያዎች ሥልጠና የመስጠት ግዴታ አለባቸው፤ መርከብ ላይም ቤተ ሙከራ ውስጥም። ከባሕር ዳር፣ ከአዲስ አበባ ወይም ከሠመራ ዩኒቨርሲቲ የተመረቀ ወጣት ጂኦሎጂስት ወይም ባዮሎጂስት እነዚያን ስም የለሽ እንስሳት ከሚሰይሙት አንዱ የማይሆንበት ምክንያት የለም። ዋስ ሁኑልን የሚል ኩባንያ ከመጣ ግን መልሱ አይሆንም ይሁን። ፓፑዋ ኒው ጊኒ የከፈለችውን ገንዘብ የመለሰላት የለም።